መጤ ማነው? ስደትና ማንነትን ከኮልፌ ጀምሮ ስለ ማስተማር

በሰኔ 1954 ዓ.ም. ኮልፌ የነበረው የፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር ቁመታቸው ዘለግ ያለ አንድ እንግዳ ተቀበለ። እንግዳው በአገራቸው ፖሊስ የሚፈለጉ፣ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የሚጓዙ ሰው ነበሩ። ትክክለኛ ስማቸው ኔልሰን ማንዴላ ነው። የመጡት የጦር ትምህርት ሊማሩ ነው። ሥልጠናው ለስድስት ወር የታሰበ ቢሆንም ድርጅታቸው አጣድፎ ስለጠራቸው ሳይጨርሱት ተመለሱ። አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የ27 ዓመት እስር ዓለም ሁሉ ያውቀዋል።

ማንዴላ በ1987 ዓ.ም. በወጣው የሕይወት ታሪካቸው ኮልፌን በስም ጠቅሰው ይተርካሉ። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ አንዲት አጭር ገጠመኝ አለች። ከሥልጠናው ጥቂት ወራት ቀደም ብለው ለጉባኤ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ካርቱም ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ተሳፈሩ፤ አብራሪው ጥቁር መሆኑን ሲያዩም ደነገጡ። ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል? ወዲያው ግን ራሳቸውን ታዘቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚታገሉት አፓርታይድ ሳያውቁት እሳቸውም ጭንቅላት ውስጥ ጎጆ ቀልሶ ኖሯል። ይህንን ለማየት ከአገር መውጣት አስፈልጓቸዋል።

ኮልፌ ግቢ ውስጥ ለማንዴላ ትምህርት ከሰጡት አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት በማክሸፍ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው፣ የንጉሠ ነገሥቱ የታመኑ መኮንን ናቸው። ማንዴላ ሲሰናበቱ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት የሸለሟቸውም እሳቸው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኒሁ ታማኝ መኮንን በሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ውስጥ ግንባር ቀደም ሆነው ብቅ አሉ። ስለ ኦሮሞ ሕዝብ መብት ተናገሩ፤ ታሰሩ፤ ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። በመጨረሻም በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ።

እንግዲህ አንድ ግቢ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ጥያቄ ማለት ይኸው ነው፦ «እኔ ማነኝ?» አንዱ ይህን ጥያቄ ያገኙት አገር ለቀው ሲሄዱ ነው፤ ሌላው አገራቸው ተቀምጠው። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ኮልፌ ውስጥ ትምህርት ቤት ከሚውሉት ልጆች ስንቶቹ ይህን ታሪክ ሰምተዋል?

«የስደት አስከፊነት»

ስለ ስደት በክፍል ውስጥ ሲነሣ ብዙዎቻችን የጻፍነው ድርሰት አንድ ዓይነት ነው። ርዕሱ «ሕገ ወጥ ስደት የሚያስከትለው ጉዳት» ይባላል። መግቢያው ላይ ደላላው ይመጣል፤ መሐሉ ላይ በረሃው፣ ባሕሩና አሠሪዋ፤ መዝጊያው ላይ «በአገራችን ሠርተን መለወጥ እንችላለን» ይባልና አሥር ከአሥር ይገኛል። ልጁ ያንን ጽፎ ወደ ቤት ሲገባ እህቱ ከቤይሩት በላከችው ገንዘብ የተገዛ ቴሌቪዥን ያያል። ድርሰቱና ቤቱ አይተዋወቁም።

የምንለው ደላላውን አታውግዙ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ በቦሌ የታየውን ማንም አልረሳውም። የምንለው፣ ስደት ከቦሌ ብቻ የሚጀምር ጉዳይ ተደርጎ ሲቀርብ ልጁ ራሱን በታሪኩ ውስጥ አያገኝም ነው። ስደተኛ ማለት «ሌላ ሰው፣ ሌላ ቦታ» ይሆንበታል።

የሚገርመው ደግሞ ቃሉ ለልጆቹ አዲስ አለመሆኑ ነው። ኦርቶዶክሱ ተማሪ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወቅት እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን ሲያስብ አድጓል። ሙስሊሙ ተማሪ፣ ኮልፌ ደግሞ ብዙ ሙስሊም ያለበት ሰፈር ነው፣ የነቢዩ ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ሸሽተው ሐበሻ ምድር መጠጋታቸውን፣ ነጃሺም አሳልፎ አለመስጠቱን ከአያቱ ሰምቷል። በአንዱ ታሪክ የተሰደደችው እናት ናት፤ በሌላው ስደተኛ የተቀበልነው እኛ ነን። ሁለቱን ልጆች አንድ ዴስክ ላይ አስቀምጦ «እስኪ ተራርኩ» የሚል መምህር የግማሽ ዓመት ትምህርት አገኘ ማለት ነው።

ሰፈሩ ራሱ መጤ ነው

ከስሙ እንጀምር። ቀራንዮ የሚለው ስም የመጣው ከኢየሩሳሌም ነው፤ ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ። ቃሉ ከግሪክ ተነሥቶ፣ በግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ አልፎ፣ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በኩል የክፍለ ከተማ ስም ሆነ። ትርጉሙም የራስ ቅል ማለት ነው። ቤቴልም እንዲሁ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ስም ነው። ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር በማን ገንዘብ እንደተሠራ ስሙ ይናገራል። አጠና ተራ ሄደን የምንገዛው ባሕር ዛፍ እንኳ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የገባ ነው። ስሙ ራሱ «ከባሕር ማዶ የመጣ» እያለ ይጮኻል፤ ግን ማን ይሰማዋል? ዛሬ ያለ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ማሰብ የሚችል የለም።

ከዛፉ ወደ ሰው እንለፍ። ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጋሞ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ እየመጣ ኮልፌን የሞላው ሕዝብ መሸከም፣ መነገድ፣ መሸመን፣ መገንባት ይዞ ነው የገባው። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ እስከማስገንባት ደርሰዋል። የወጡበትን መንደር ከከተማው ጋር በመንገድ አሰሩት ማለት ነው። ዛሬ ዳያስፖራው ገንዘብ ላከ ስንል ነገሩ አዲስ ይመስለናል እንጂ፣ መርካቶ የነበረው የጉራጌ ነጋዴም ለመንደሩ ዳያስፖራ ነበር።

ዘነበወርቅ አካባቢ ያለው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች ሕክምና ፍለጋ ከየክፍለ ሀገሩ ወደዚያ ይመጡ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት ስሙ ከዚያ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙዎቹ ከዳኑ በኋላም አልተመለሱም፤ መንደራቸው አልተቀበላቸውማ! ሆስፒታሉ ዙሪያ ቤት ሠርተው፣ ተጋብተው፣ ወልደው ቀሩ። ከድንበር ማዶ ያልሄደ፣ ፓስፖርት ያላየ፣ ግን ከስደተኛ ሁሉ የባሰ ስደተኛ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ፤ መዝለልም ነውር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ምድሩ ባዶ አልነበረም። የኦሮሞ ጎሳዎች ከብት ያረቡበት፣ ያረሱበት፣ በስሙ የሚጠሩት አገር ነበር። ለአንዱ መምጣት የሆነው ለሌላው መልቀቅ ሆኗል። የመምጣቱን ታሪክ ብቻ ነግሮ የመልቀቁን የሚዘል መምህር ግማሹን ትምህርት ሸሽጓል።

ማንነታችንን የጻፉት እነማን ናቸው?

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንግባ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የታተመው ሮም ነው፤ በ1900 ዓ.ም.። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ያን ጊዜ ጣልያን አገር ይኖር ነበር። ልቦለዱ ውስጥ ያለችው ጦቢያ ደግሞ በጦርነት ከቤቷ ተፈናቅላ፣ ወንድ መስላ፣ ወንድሟን ፍለጋ የምትንከራተት ልጅ ናት። ልብ እንበል! የልቦለዳችን ታሪክ ሲጀመር ደራሲውም ባዕድ አገር ነው፤ ገጸ ባሕሪዋም በሰው መልክ መንገድ ላይ ናት። (አፈወርቅ በኋላ ከፋሺስት ጣልያን ጋር ማበሩም መነገር አለበት። የወጣ ሁሉ አርበኛ አይደለም፤ የወጣ ሁሉም ከሐዲ አይደለም።)

ቀጥለን ወደ በዓሉ ግርማ እንምጣ። በዓሉ ኢሉባቦር ተወለደ። አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ መጣ፤ ከኮልፌ ብዙም በማይርቀው በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ፤ ጋዜጠኝነትን አሜሪካ ድረስ ሄዶ አጠና። ተመልሶ መነን መጽሔትንና አዲስ ዘመንን የመሰሉ ጋዜጦችን አዘጋጀ። «ከአድማስ ባሻገር»ን የጻፈልንም፣ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳትሞ በዚያው መዘዝ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ የቀረውም እሱ ነው። «ኦሮማይ» ጋዜጠኛውን ጸጋዬን አስመራ ይወስደዋል፤ እዚያም ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ይጥለዋል። እሱ የመጣው ዘመቻ ሊዘግብ፣ እሷ የዚያው ከተማ ልጅ። የማን ወገን ነህ የሚለው ጥያቄ አልጋቸው ድረስ ይገባል። ርዕሱ እንኳ ከጣልያንኛ ተነሥቶ የአስመራ ሰው አፍ ላይ ውሎ አማርኛ መጽሐፍ ላይ ያረፈ ቃል ነው። «አበቃለት» እንደማለት።

ጳውሎስ ኞኞንም እንጨምር። አባቱ ግሪካዊ፣ የትውልድ ቦታው ቁልቢ። ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ግን በአዲስ ዘመን «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው አምዱ የአገሩን ሕዝብ ጥያቄ ሲመልስ የኖረ፣ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስና ስለ ዐፄ ምኒልክ የጻፋቸው መጻሕፍት እስካሁን የሚነበቡለት ሰው። ሙዚቃው ላይ ብንሄድም ያው ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ቆመን የዘመርነውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው «አርባ ልጆች» የተባሉትን የአርመን ወላጅ አልባ ሕፃናት ያሠለጠነው ኬቮርክ ናልባንድያን ነው።

ለብዙ ዓመታት የቀበሌ መታወቂያችን ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። እስኪ በዓሉ ግርማ በዚያ መስመር ላይ ምን ይጻፍ? ጳውሎስስ? ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ማንሣት ብቻ በቂ ነው። ተማሪዎቹ ይከራከራሉ፤ አንዱ በአባት ይላል፣ አንዷ በእናት፣ ሌላው በቋንቋ፣ ሌላዋ በልደት ቦታ። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ መልሱ ላይስማሙ ይችላሉ። ግን መስመሩ ጠባብ እንደነበር ሁሉም ይገባቸዋል።

በቻሃ የተጻፈው መጽሐፍ

ለኮልፌ ክፍል በተለይ የምንመኘው አንድ ታሪክ አለ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የጉራጌ ልጅ ነው። አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ሲማር በእናቱ ቋንቋ በቻሃ፣ በእኛው ፊደል፣ ስለ ጉራጌ መንደር ኑሮ አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1964 «የሺነጋ መንደር» በሚል ርዕስ በእንግሊዝኛ ታተመ። ሰው ከመንደሩ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር አልፎ ከራቀ በኋላ ነው መንደሩን በራሱ ቋንቋ የጻፋት።

ተርጓሚውስ ማን ነበር? ቮልፍ ሌስላው። ፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ፣ ፈረንሳይ ሲማር ጦርነቱ ደርሶበት ካምፕ የታጎረ፣ አምልጦ አሜሪካ የገባ ስደተኛ። የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ሲያጠና መቶ ዓመት ኖረ። እንግዲህ አንድ ከናዚ ያመለጠ ስደተኛና አንድ ከጉራጌ የሄደ ተማሪ ካሊፎርኒያ ላይ ተገናኝተው የአንዲትን መንደር ሕይወት ለዓለም አነበቡ። ቤታቸው ቻሃ የሚነገርላቸው፣ ክፍል ሲገቡ ግን የሚያፍሩበት ልጆች ኮልፌ ውስጥ አሉ። ይህን ታሪክ ሰምቶ ቀና የማይል ይኖራል?

ከኛ ዘመን ሰው ደግሞ ዲናው መንግሥቱ አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ውስጥ ዋሽንግተን ላይ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ከኬንያዊና ከኮንጎአዊ ጓደኞቹ ጋር እየተቀመጠ የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥታት በዓመተ ምሕረት እየቆጠሩ ይጫወታሉ። ከሩቅ ሲታዩ አሜሪካ የሄዱ ናቸው፤ ጨዋታቸው ግን ገና አፍሪካ ነው። ያ ባለ ሱቅ ኮልፌ ላይ ሱቅ ከከፈተው የስልጤ ልጅ በምን ይለያል ብሎ መጠየቅ የመምህሩ ፈንታ ነው።

ቁጥርና ስም

ልብ ወለዱ ለብቻው አይበቃም። ጋዜጣ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ልብ ወለድ የአንድ ሰው ሆድ ሲያሳየን የስንት ሰው እንደሆነ አይነግረንም። ጋዜጣ ደግሞ ስንት እንደሆነ ነግሮን ማን እንደሆነ የሚረሳበት ጊዜ ብዙ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ረጲ፣ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የከተማው ቆሻሻ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተከመረበት ቦታ ነው። የሟቾች ቁጥር በየቀኑ ይጨምር ነበር፤ ዜናውም በየቀኑ ቁጥሩን ያስተካክል ነበር። የብሔራዊ ሐዘን ቀናት ታወጁ። ከዚያ ቁጥሩ ቆመ፤ ዜናውም ቆመ።

ለተማሪ የሚሰጠው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ቤተሰቦች ከየት መጡ? ለምን እዚያ ቤት ሠሩ? ከቆሻሻው ምን ያገኙ ነበር? ያን ጊዜ የወጡትን ዘገባዎች አምጥቶ፣ ስንቱ ዘገባ የሟችን ስም ጠራ፣ ስንቱ «ነዋሪዎች» ብሎ አለፈ፣ ስንቱ «ሕገ ወጥ ሰፋሪ» አለ ብሎ መቁጠር ይቻላል። አንድ ቃል ሰውን ከነዋሪ ወደ ሕገ ወጥ እንዴት እንደሚያሻግር ልጁ በዓይኑ ያያል። ጋዜጠኝነትን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

«መጤ» የምትለዋ ቃል

«ይህን ሁሉ ማንሣት በዚህ ጊዜ አደገኛ አይደለም ወይ?» የሚለን ይኖራል። አግባብ ያለው ጥያቄ ነው። ያለፉት ዓመታት «መጤ» በምትል ቃል ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲፈናቀል አይተናል። ከሰሜኑ ጦርነትና ከየአካባቢው ግጭት ሸሽተው አዲስ አበባ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ዛሬ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። አንድ ልጅ ፊት «አያትህ ከየት መጡ?» ማለት እሳት ላይ ቤንዚን ሊሆን ይችላል።

መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክፍል ውስጥ ዝም ስለተባለ ጥያቄው አይጠፋም። ልጁ መልሱን ከፌስቡክ ያመጣል፤ እዚያ ያለው መምህር ደግሞ ማን እንደሆነ እናውቃለን። ሁለተኛ፣ ጥያቄው የሚጠየቅበት መንገድ አለ። «ይህ ቦታ የማነው?» ብሎ የሚጀምር ክፍል በጠብ ያልቃል። «እንዴት መጣችሁ? ስትመጡ ማንን አገኛችሁ? ማን ተቀበላችሁ?» ብሎ የሚጀምር ክፍል ግን ሁሉም የሚናገረው አለው። ቀድሞ የነበረውም የመጣበትን ሲተርክ፣ ዘግይቶ የመጣውም የተቀበለውን ሲያመሰግን አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ይቻላል። የተነቀለም ካለ መነቀሉን ይናገር፤ ይሰማ።

የቤት ሥራ

ለመምህራን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የሦስት ሳምንት ሥራ ናት።

በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪው ጋዜጠኛ ይሁን። ከሰፈሩ እድር አንድ ትልቅ ሰው መርጦ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ አክብሮ ያነጋግር። መቼ መጡ? በምን መጡ? ምን ይዘው መጡ? የመጀመሪያዋን ሌሊት ማን ቤት አደሩ? ለሥራ ወይም ለትምህርት ሲሉ ስማቸውን ለውጠው ያውቃሉ? «ብሔርዎ ምንድን ነው?» የሚለው ከዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ ባለታሪኩ ራሳቸው ካነሱት ይጻፍ። የተባለውን ደግሞ ከሌላ ሰው ያረጋግጥ፤ ጋዜጠኛ ነዋ!

በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ታሪክ ስምና ሰፈር ቀይሮ አጭር ልብ ወለድ አድርጎ ይጻፈው። በዘገባው ውስጥ ሊገባ ያልቻለው ፍርሃት፣ ናፍቆት፣ ውሸት ሁሉ እዚህ ይግባ። በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱም ክፍል ውስጥ ይነበቡና ክርክር ይከፈት። ዘገባው ምን ነገረን? ልብ ወለዱስ? የትኛው ዋሸ?

ይህ ሥራ በጀት አይፈልግም፤ ኮምፒዩተርም አይፈልግም። ደብተርና እስክሪብቶ፣ ጊዜ ያለው አንድ አዛውንት፣ ጆሮ ያለው አንድ ልጅ ይበቃሉ። የሚያሳዝነው፣ ከአዛውንቶቹ መካከል በየወሩ የምንቀብራቸው አሉ። እድሩ ስማቸውን በመዝገቡ ላይ ሰርዞ ያልፋል፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት ማን ቤት እንዳደሩ ግን የጻፈ የለም። ልጆቹን ከዚህ ክረምት በፊት መላክ ይሻላል።

ቸር እንሰንብት።